ነገ ኑ

በልጅነቴ ከሰው ሁሉ አብልጬ የምጠላው ዙቤዳን ነበር። ክፉ ተናግራኝ አታውቅም። እንዲያውም ባየችኝ ቁጥር ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋ ከረሜላ ትሰጠኛለች። ግን ሁለተኛውን ሲዲ ትከለክለኝ ነበር፤ ያንን ደግሞ ከረሜላ አያስረሳም።

የፊልም ማከራያ ሱቋ ከአሰላ መናኸሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በአንድ ጎሚስታና በአንድ የእህል መጋዘን መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ነበረች። ስንገባ የጎማ ማጣበቂያ ይሸተናል፤ ስንወጣ የስንዴ አቧራ ያስነጥሰናል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሲዲ ነው። ያን ጊዜ አንድ ፊልም በሁለት ሲዲ ተከፍሎ ነበር የሚመጣው፤ አንደኛው ልብ አንጠልጥሎ ይተዋል፣ ሁለተኛው ልብን ወደ ቦታው ይመልሳል። ዙቤዳ ለሰው ሁሉ ሁለቱንም በአንድ ፌስታል አድርጋ ትሰጣለች። ለእኛ ቤት ግን አንደኛውን ብቻ።

«ሁለተኛውስ?» እላታለሁ።

«ሰው ወስዶታል። ነገ ኑ።»

በማግስቱ ስንሄድ ሁለተኛውን ትሰጠንና «ይቺን ደግሞ ሞክሯት» ብላ የሌላ ፊልም አንደኛ ትጨምርበታለች። የትናንቱ ሲያልቅ የዛሬው ይጀመራል። ቤታችን አንድም ቀን ያለቀ ነገር አድሮበት አያውቅም። ገንዘብ ወዳድ ናት፣ ሁለቴ ልታስከፍለን ነው አልኩ። ለእማዬም ነገርኳት። እኔስ በስንት ጉጉት እየተቃጠልኩ ነው የምነግራት፤ እሷ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

ፊልሙን የሚከራየው አጎቴ ግዛቸው ነበር፤ የእማዬ ታናሽ ወንድም። እኔ ጋሼ ነበር የምለው። የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው። ስንዴ ሲደርስ ከማሳ ማሳ ሲዞር ከርሞ፣ ፊቱ በአቧራ ነጥቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ ይመጣል። የማይጠግነው ነገር አልነበረም። የጎረቤት ሬዲዮ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ የማይዘጋው በራችን፣ ሁሉም በእጁ አልፏል። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ፣ ሳጉሬ አጠገብ በአንድ ባለሀብት ማሳ ላይ፣ ገለባ የተሰነቀረበትን ማሽን ሊያጸዳ ገብቶ ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች አጣ።

ትልልቆቹ «ማሽኑ በላው» አሉ። እኔም ቃሉን እንደወረደ ወሰድኩት። በላው ከተባለ ሆዱ ውስጥ አለ ማለት ነው። ታዲያ ለምን አይከፍቱትም? ይህን በጠያቂዎች ፊት ስናገር እማዬ ክንዴን ይዛ ከክፍሉ አስወጣችኝ። ያን ሰሞን ከክፍል የመውጣት እንጂ መልስ የማግኘት ዕድል አልነበረኝም።

ጋሼ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ልብሱን ላምጣ ብሎ ሳጉሬ ሄደ። በማግስቱ ሁለት ሰዎች በፒካፕ ይዘውት መጡ። እሱ ጓዳ ገብቶ ተኛ። ሰዎቹ ሳሎን ቁጭ ብለው ከእማዬ ጋር በዝቅታ ማውራት ጀመሩ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«መድኃኒቱን ከእጁ ነው የነጠቅነው፣ ሲስተር» አለ አንደኛው።

«ሊጠጣው?»

«ክዳኑን በጥርሱ ከፍቶት ነበር።»

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የታመመ ሰው መድኃኒት ሊጠጣ ቢል ይነጠቃል? ደግሞ እኮ እማዬ ነርስ ናት። አሰላ ውስጥ በእሷ እጅ ያልተወጋ ልጅ የለም፤ ያልጠየቃትን ሰው ሁሉ ኪኒን ታስውጣለች። በዚያው ሳምንት ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ የእኔን የሳል ሽሮፕ ሳይቀር፣ በካርቶን አድርጋ ጎረቤት ወሰደች። ወንድሟ ግማሽ እጁን አጥቶ ተኝቶ እሷ መድኃኒት ትደብቃለች። እናቴ ክፉ ሰው ሳትሆን አትቀርም ብዬ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

የገበሬ አገር ልጅ ሆኜ፣ መድኃኒት የሚባለው የስንዴ አረም ላይ የሚረጨውም መሆኑን ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

እማዬ የዙቤዳን እናት ቁስል ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታጥብ ስለነበር ይተዋወቃሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ እኔን ውጭ አቁማ ሱቋ ገባች። ረጅም ጊዜ ቆዩ። በመስታወቱ ሳይ ዙቤዳ መሀረብ አውጥታ ትሰጣታለች። እማዬ የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበርና። ስትወጣ በእጇ አንድ የህንድ ፊልም ይዛለች።

የህንዱ ፊልም አልሠራም። ጋሼ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን ከበላዩ ያለውን ግድግዳ እያየ ጨረሰው። የካራቴው አልሠራም። የፍቅሩም እንደዚሁ። በዚያ መሃል ዙቤዳ ምን አግኝታ እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቀን ላዩ ላይ በማርከር «የእንፋሎት መርከብ» ብላ የጻፈችበትን ሲዲ ሰጠች። የፊልም ስም እንደተጻፈ አትተውም፤ የራሷን ታወጣለች። መርከቡ በባሕር ሳይሆን በሰማይ ነበር የሚሄደው። ሆዱ ውስጥ ራቁት ደረታቸውን ላብ ያጠባቸው ሰዎች ከሰል ይማግዳሉ፣ ከላይ ቆብ ያደረጉ ባለጠጎች ሻይ ይጠጣሉ። እኔ አፌን ከፍቼ ሳለሁ ጋሼ ተናገረ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሳይጠየቅ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

«ይሄ ውሸት ነው» አለ። «ይሄን ሁሉ ብረትና ከሰል ተሸክሞ ከመሬት አይነሳም።»

እማዬ ከማድ ቤት ብቅ አለች። ጋሼ ተነስቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። «እዪ፣ ይሄ ቧንቧ የትም አይሄድም። ለጌጥ ነው የቀጠሉት። ማነው ይሄን የሠራው?» በግራ እጁ መስታወቱን እየመታ ነበር የሚያወራው። በማግስቱ ጠዋት እማዬ ሥራ ስትሄድ በዙቤዳ ሱቅ በኩል ዞራ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ዙቤዳ በሱቋ ጥግ አዲስ መደርደሪያ ሠራች። «ህንድ»፣ «ጦርነት»፣ «ሳቅ» ከሚሉት ጎን «ማሽን» ብላ ጻፈችበት። እያደር እሱም ለሁለት ተከፈለ። ጥርሳም ጎማ፣ ጭስ፣ እንፋሎት፣ የነሐስ መነጽር ያለበትን «ድሮ» አለችው። ዝናብ፣ ጨለማ፣ ባለቀለም መብራት፣ ጭንቅላታቸው ላይ ሽቦ የተሰካ ሰዎች ያሉበትን ደግሞ «ወደፊት»። አዳማ ስትሄድ፣ አዲስ አበባ ሰው ስትልክ፣ ይህንኑ ታፈላልጋለች። ዛሬ ሰው ሁሉ በስልኩ ድሮውን ስቲምፓንክ፣ ወደፊቱን ሳይበርፓንክ እያለ «ይህን ሳታዩ እንዳትሞቱ፣ ያንን ሳታነቡ እንዳታልፉ» ሲባባል ሳይ ዙቤዳ ትዝ ትለኛለች። እሷ ስሙን አታውቀውም ነበር። መምረጫዋም ሌላ ነበር፤ አጎቴን የሚያናድደውን ነበር የምትመርጠው።

ይህን ማን ነግሮኝ! እኔ የማውቀው የእኔን ንዴት ብቻ ነው። ልሩጥና እኔ ላምጣው ስል «ለልጅ አልሰጥም፤ ራሱ ይምጣ» ትላለች። ጋሼ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ባዶውን እጅጌ ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ግን ቀና ይላል፤ መጨቃጨቅ አለባቸዋ። «ትናንት የሰጠሽኝ ፊልም ላይ ሰውየው ባትሪ ሳይሞላ አራት ቀን ሄደ» ይላታል። «ምናልባት ጥሩ ባትሪ ይሆናላ» ትለዋለች። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያደባለቁ ይነታረካሉ፤ ሌላው ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ከኋላቸው ቆሜ መደርደሪያውን አያለሁ። ሁለተኛው ሲዲ የት እንደሚሆን እፈልጋለሁ።

መብራቱም ከዙቤዳ ጋር የተማከረ ይመስል ነበር። ሰውየው በሩን ሊከፍት እጀታውን ሲይዝ ድርግም ይላል። በጨለማ ቁጭ ብለን ጋሼ ከበሩ በስተጀርባ ምን እንዳለ ይተነትናል፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ያለው ሌላ ነው። ሁለታችንም እንበግናለን።

በጾሙ ወራት ደግሞ ከዙቤዳ ሱቅ መጽሐፍ መጣልን። እንግሊዝኛ ነው፣ አሮጌ፣ ሽፋኑ የለም። እኛ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ቲቸር ዘሪሁን የሚባል ከጎጃም የተመደበ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። እማዬ ለመነችውና ከሰዓት በኋላ፣ ፈተና ማረሙን ሲጨርስ፣ በረንዳ ላይ እያነበበ በአማርኛ ይነግረን ጀመር። ታሪኩ ስለ አንዲት ከተማ ነው። ወፍጮዋ፣ ሰዓቷ፣ የመንገድ መብራቷ ሁሉ በአንድ ትልቅ ቦይለር፣ ውኃ በሚያፈላ የብረት ጋን፣ እንፋሎት ይሠራል። ቦይለሩን ይጠብቅ የነበረው ሰው ሞቷል፤ ሚስቱ የቦይለሩን ድምፅ ሰምታ ሊፈነዳ መሆኑን ታውቃለች፤ የሚሰማት የለም።

«የማስተንፈሻ ቫልቩስ?» ይላል ጋሼ።

«አልተጻፈም» ይላል ቲቸር ዘሪሁን።

«ያለ ቫልቭ ቦይለር የለም። ደግመህ እየው።»

«ጋሽ ግዛቸው፣ እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው።»

በዚህ ሁኔታ አንዳንዱ ገጽ አንድ ከሰዓት ይወስዳል። ደግሞ መጽሐፉ ሙሉ አልነበረም። ዙቤዳ የሰጠችን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው፤ ጀርባው በምላጭ እንደተቆረጠ ልጅም ይለየዋል። ቀሪውን ስንጠይቃት ሌላ ሰው ጋ ነው አለች። አሰላ ውስጥ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ግማሹን ተከራይቶ የሚሄድ ማን ነው? አበድኩ። መጽሐፍ የሚቆርጥ ሰው ምን ያህል ስስታም ቢሆን ነው አልኩ። በሱቋ በር ሳልፍ ሆን ብዬ ሰላም አልላትም ነበር።

ሁለተኛው ቁራጭ በሳምንቱ መጣ። እዚያ ላይ ሚስትየው ቫልቩን ታገኘዋለች። ባለቤቶቹ እንፋሎት ያባክናል ብለው በብየዳ ደፍነውታል። ቲቸር ዘሪሁን ይህን ሲያነብ ጋሼ እንደልማዱ አልተከራከረም። ወደ ግቢው እያየ «መከለያውንም እንዲሁ ነው ያስነቀሉኝ» አለ። «ለማጽዳት ጊዜ ይፈጃል ብለው።» ቲቸር ዘሪሁን ቁራጩን አጠፈና «ለዛሬ ይብቃን» አለ። እኔ ምን ያህል ተናደድኩ መሰላችሁ፤ ገና መፈንዳት አለመፈንዳቱን ሳናውቅ! የትኛው መከለያ፣ ከየትኛው ማሽን እንደተነቀለ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ከሁሉም የባሰብኝ ግን «ዝናብ ከተማ» ነው። እሱ ፊልም ሳይሆን ተከታታይ ነበር፣ ብዙ ሲዲ። ዝናቡ የማያቋርጥ አገር፣ ሕንፃዎቹ ደመና የሚነኩ። አንድ የወደብ ሠራተኛ የብረት ክንድ ተገጥሞለታል፤ ክንዱ ግን የኩባንያው ነው፤ ሲፈልጉ ከሩቅ ሆነው ያጠፉታል። ይህን እንደ ሌላው አላየሁትም። ምክንያቱም የጋሼ ክንድ አዲስ አበባ ተለክቷል፤ እማዬ «እጁ ተሠርቶ ይመጣል» ስትል ሰምቻለሁ። ዙቤዳ ይህን ሁሉ ፊልም የምትሰጠው እጅ እንዲያማርጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ በትኩረት አያለሁ። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ መዳፉ ላይ መብራት አለው፣ ብርጭቆ ሳይሰብር ያነሳል። ለክፍሌ ልጆች ሁሉ ተናገርኩ። የሚቀረኝ አንድ ነገር ማወቅ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ክንዱ ይሠራል ወይስ ያጠፉታል? ሰውየው በአንድ እጁ ድልድይ ላይ እንደተንጠለጠለ ሲዲው አልቋል። ዙቤዳም ነገ ኑ ብላለች።

የጋሼ እጅ የመጣው ግንቦት መጨረሻ ነው። በካርቶን፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። እማዬ ስትፈታው ከሁሉ ፊት ቆሜ ነበር። ቀለሙ የማንም ሰው ቀለም አይደለም፤ የአሻንጉሊት ነው። ጣቶቹ አይታጠፉም። ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ፕላስቲክ። ጋሼ አስገጠመው። የውኃ ብርጭቆ ሊያነሳ ሞከረ፤ ብርጭቆው ተንሸራቶ ወደቀ። አልሰበረውም፣ ምንጣፍ ላይ ነው የወደቀው። ከዚያ ቀስ ብሎ ማሰሪያውን ፈታና ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ አይደለም» አልኩ። «ተሳስተው ነው የላኩት። መልሱላቸው።» እያለቀስኩ መሬቱን በእግሬ ስደበድብ እማዬ እንኳ አልተቆጣችኝም። ጋሼ ያን ቀን ወደ ዙቤዳ ሱቅ አልሄደም። በማግስቱም።

በሦስተኛው ቀን እማዬ ጃኬቱን ራሷ አልብሳ ላከችው። ዙቤዳ ግን አልነበረችም። አርቦዬ ከተማ አክስቷ ሞታባት ለለቅሶ ሄዳ ነበር። ሱቁን የምትጠብቀው ታናሽ እህቷ አሚራ ናት። ለጋሼ ሁልጊዜ ለነገ የሚያቆየው ነገር ይኑር ብለው ዙቤዳና እማዬ ስለተስማሙት አሚራ የሰማችው ነገር የለም። ጋሼ የዝናብ ከተማን ቀጣይ ሲዲ ሲጠይቃት፣ ከመደርደሪያው የቀሩትን በሙሉ አውርዳ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ በፌስታል አድርጋ ሰጠችው። ወረድ ብላም የመጽሐፉን የመጨረሻ ቁራጭ አገኘችና ጨመረችለት።

እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ቤት ስደርስ ጋሼ የመጨረሻውን ሲዲ ከማጫወቻው እያወጣ ነበር።

«አለቀ?» አልኩት።

«አለቀ።»

«ክንዱስ? ሠራ?»

መለስ ብሎ አየኝና «ነገ ራስሽ ታዪዋለሽ» አለ። ሲዲዎቹን ሁሉ እየለቀመ ፌስታሉ ውስጥ ከተተ። ጠዋት ተነስቼ ስፈልግ ፌስታሉም እሱም የሉም። በር ላይ የነበረውን ጃኬት ለብሶ ወጥቷል። ሲዲዎቹን ሊመልስ ነው ብዬ ትምህርቴን ትቼ ዙቤዳ ሱቅ ሮጥኩ። አሚራ በማለዳ መጥቶ መልሷል አለችኝ። አንዱን እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ሌላ ሰው ተከራይቶታል አለች። ይህን ጊዜ ግን እውነቷን ነበር።

ለእማዬ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ ነገርኳት፤ ክስ ነበር ያቀረብኩት። ጋሼ ሁሉንም ብቻውን አየው፣ አሚራ ሁሉንም ሰጠችው፣ ጨርሶ መልሶ ሄደ አልኩ። እማዬ የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች። «ጨረሰው?» አለች። «ሁሉንም?» ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር አስደሰተኝ፤ ቢያንስ አንድ ሰው የደረሰብኝን በደል ተረዳ አልኩ። ከዚያ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ እየሮጠች ወጣች።

ያን ቀን በሙሉ ሰው ሲፈልግ ዋለ። ቲቸር ዘሪሁን ክፍል ትቶ ወንዝ ወንዙን ሄደ። እማዬ ሳጉሬ ላሉት ሰዎች ስልክ አስደወለች፤ የመድኃኒቱን መጋዘን እንዲቆልፉ ስትነግራቸው ትጮህ ነበር። እኔ በር ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ጋሼ አዲስ አበባ ሄዶ፣ የተሳሳተውን እጅ መልሶ፣ ትክክለኛውን ይዞ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ግን ገብቼ ሳይ ፕላስቲኩ እጅ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። ምን ይዞ ሊያስቀይር ነው ታዲያ? ተናደድኩበት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። ጫማው በጭቃ ተለውሷል። እማዬ ከግቢው በር ላይ አገኘችው። ልታቅፈውም ልትመታውም እጇን አንስታ መሃል ላይ ቀረች።

«የት ነበርክ?»

«አርቦዬ። የዙቤዳን አክስት ለቅሶ ደርሼ መጣሁ።»

እማዬ ባለችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጭ ጋዋኗ ጭቃ ነካ። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትስቃለች። እኔ አልሳቅሁም። ዙሪያውን ዞሬ አየሁት፤ እጅ አልያዘም። «መጨረሻውስ?» አልኩት። «የማይረባ ነው» አለኝና አልፎኝ ገባ። እስከ ዛሬ ከዚህ የበለጠ አልነገረኝም። በስልኬ ስንቱን ዝርዝር አገላብጬ፣ ስንቱን ዝናባም ከተማ አይቼ፣ ያንን አላገኘሁትም። ዙቤዳ ያወጣችው ስም ከዙቤዳ ሱቅ በር ውጭ አይታወቅም።

አርቦዬ ምን እንደተደረገ የነገረችኝ ራሷ ዙቤዳ ናት፤ አግብታ አዳማ ከገባች፣ ሱቁም ከተዘጋ በኋላ። ጋሼ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ገብቶ ተቀመጠ። አላህ ይዘንላቸው አለ፤ ማንም አያውቀውም፤ የተቆረጠ እጁን ሳይሸፍን የሰጡትን በግራው በላ። በኋላ እሷ ውኃ ይዛ ስትመጣ አስቆማት።

«ሁለተኛው ሲዲ ሁልጊዜ ከጀርባሽ ነበር» አላት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አየዋለሁ። ለምን እንደምትደብቂውም አውቃለሁ።»

እሷ የውኃውን ጆግ ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«አሁን ደግሞ እህትሽ ሁሉንም አንስታ ሰጠችኝ» አለ። «ሰለቸኋችሁ ወይ? እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ዙቤዳ ጆጉን እንደያዘች፣ ወላሂ አሚራ ሳታውቅ ነው፣ ከእኔም ከሲስተርም የወጣ ነገር አይደለም ብላ ማለችለት። እሱም፣ እንግዲያው የሰጠሽኝ ተከታታይ መጨረሻው ብልሹ ነው፣ ሰውየው መፍቻ ኪሱ ውስጥ እያለ ክንዱን እንዴት አይፈታውም ብሎ ጀመረ። እሷ በአክስቷ ለቅሶ ላይ ሳቀች። አጎቶቿ ለዚህ ሳቅ ዓመት ሙሉ አኩርፈዋት ነበር።

ጋሼ ዛሬ አሰላ ውስጥ የኮምባይነር መለዋወጫ ይሸጣል። የማሽን ባለቤት መከለያ ሲያስነቅል የሰማ እንደሆነ ደንበኛም ቢሆን ያባርራል። ፀጉሩ ሸብቷል። ዙቤዳ እየደወለች ይህን እይ ትለዋለች፤ አይቶ ደውሎ ይሰድባታል።

ባለፈው ክረምት ሱቁ ቁጭ ብዬ ዝናቡ እስኪያባራ ሳለሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ጠዋት ጠየቅኩት። ከቤት ስትወጣ ዙቤዳን ልታገኝ አስበህ ነበር አይደል አልኩት። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር የጠየቅኩት።

ቺንጋ የሚሉትን የማሽን ቀበቶ እየለካ ነበር። ቀና ሳይል «አይ» አለ። «መናኸሪያ ስደርስ ረዳቱ ሳጉሬ፣ ሳጉሬ ይላል። ወደዚያ ነበር።»

ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ።

«የገበያ ቀን ነው። ሰው በሰው ላይ። ረዳቱ ሞልቷል፣ ቀጣዩን ጠብቅ አለኝ። ከጎኑ የአርቦዬ ቅጥቅጥ አውቶቡስ አንድ ሰው ጎድሎት ነበር።» ቺንጋውን ጠቅልሎ አስቀመጠ። «መጠበቅ ሰልችቶኝ ነበር።»

ያን ዕለት ማታ እማዬ ቤት ስገባ ጋሼ ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ነው አልኳት። ሌላስ ምን አለሽ አለች። ምንም አልኳትና እራት ላቀርብ ገባሁ።